የላዝሃር ልጅ ወጅዲ

በቱኒዚያዋ የከርከና ደሴት ባሕር ርስት ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው ውኃው መሃል ተደርድሮ የቆመውን የዘንባባ ዝንጣፊ ሲያይ ማዕበል ጠራርጎ ያመጣው ጉድፍ ይመስለዋል። ለኤል አታያ መንደር ሰው ግን ያ የአጥር ዋልታ ነው። ወሰን አለው፣ ባለቤት አለው፣ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ወረቀት አለው። ውኃው ጥልቀት ስለሌለው ሰው ከዳር ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ቢራመድ ወገቡን አያልፈውም። ውኃው ሲሸሽ ዓሣው አጥሩን እየታከከ ይሄድና መጨረሻ ላይ ካለው ጓዳ ይገባል፤ ከጓዳው ወደ ቅርጫቱ። ጠዋት ባለቤቱ በጀልባ ሄዶ ቅርጫቱን ያነሣል። ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ አጥሩን ከሀ ጀምሮ መትከል ነው፤ የብርዱ ወራት ማዕበል አንድ ዝንጣፊ እንኳ ቆሞ አያስቀርምና።

ላዝሃር በዚህ ሥራ አርባ ዓመት የኖረ ሰው ነው። ቃል ከአፉ የሚያወጣው በሚዛን ነበር። «ላዝሃር ዝምታን ከዓሣ ነው የተማረው» ይሉታል የመንደሩ ሰዎች። ሚስቱ መብሩካ ደግሞ የእሱንም ድርሻ ጨምራ ትናገርለት ነበር። ሁለት ልጆች ወለዱ፤ ታላቋ ሳልሃ፣ ታናሹ ወጅዲ።

ወጅዲ ገና በአሥራ አራት ዓመቱ ዝንጣፊን ከዝንጣፊ በቃጫ ሲያስር የቋጠሮው ጥብቀት ሽማግሌዎችን ያስገርም ነበር። አባቱ በቃል አያመሰግንም። ግን ሌላው ሰው ያሰረውን ሁሉ በእጁ እየነቀነቀ ሲፈትሽ፣ ልጁ ያሰረው ላይ ሲደርስ ሳይነካው ያልፋል። ለወጅዲ ከዚያ የሚበልጥ ምስጋና አልነበረም። ደረቱን ነፍቶ ይውል ነበር።

ጎረምሳ ሲሆን ግን አንድ ነገር ከእኩዮቹ ለየው። እነሱ ወደቡ ግንብ ላይ ተቀምጠው ስለ ሴት ልጆች ሲያወሩ እሱ አብሮ ይስቃል፤ ልቡ ግን እዚያ የለም። ልቡ ወደ ወንድ እንደሚያደላ ሲገባው ደነገጠ። እንደ ትኩሳት የሚያልፍ መስሎት ጾመ፣ ጸለየ፣ ሥራ አበዛ። ዓመት አለፈ፤ ሁለት ዓመት አለፈ። አሥራ ዘጠኝ ሲሞላው ነገሩን ደረሰበት፤ በሽታ ቢሆን ኖሮ ይለቀው ነበር። ይሄ እንደ ቁመቱና እንደ ድምፁ የራሱ ነው። ለማንም ሳይናገር ከራሱ ጋር ታረቀ።

ከዚያ ነርስነት ሊማር መርከብ ተሳፍሮ ወደ ስፋቅስ ከተማ ተሻገረ።

በመጨረሻው የትምህርት ዓመት፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ለበዓል ወደ ደሴቱ ሲመለስ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎ አንድ መርከበኛ ደረጃውን እየሮጠ ወጥቶ «ሐኪም አለ? ሐኪም!» እያለ ተጣራ። ወጅዲ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወረደ። አንድ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ፊቱ ጥላሸት የለበሰ ወጣት እጁን በእጁ ይዞ ሞተሩ አጠገብ ተቀምጧል። የጋለ ቧንቧ ልጦታል።

«ሐኪም ነህ?» አለ ወጣቱ ጥርሱን ነክሶ።

«ነርስ ነኝ። እሱንም ገና አልተመረቅኩም።»

«ግማሽ ሐኪም በለኛ። እንግዲያው ግማሹን እጄን ብቻ አክመው፤ ሌላውን ሙሉ ሐኪም ይየው።»

ወጅዲ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ቁስሉን በንጹሕ ውኃ አጠበ፣ ቀባ፣ ጠቀለለ። ወጣቱ ናውፈል ይባላል፤ የመርከቡ ሞተር ሠራተኛ ነው። መርከቡ የደሴቱ መግቢያ ከሆነው ከሲዲ ዩሱፍ ወደብ ደርሶ ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላም ሁለቱ ሲያወሩ ቀሩ። በሳምንቱ ወጅዲ ፋሻውን ሊቀይርለት መጣ። በሚቀጥለውም ሳምንት መጣ። ቁስሉ ከዳነ ከወር በኋላም ፋሻ ሊቀይር እየመጣ ነበር።

ተመርቆ ስፋቅስ ውስጥ ሥራ ሲጀምር አንድ ክፍል አብረው ተከራዩ። ሁለት ወንደላጤ አንድ ቤት መከራየቱ በዚያ ከተማ ማንንም አያስገርምም። ሕጉ ግን ጨካኝ ነው፤ ወንድ ከወንድ መዋደዱ ሦስት ዓመት ያሳስራል። ስለዚህ ለሰው ዓይን ብለው ሁለት ፍራሽ ገዙ። ናውፈል ምግብ ማብሰል ይችልበታል፤ ወጅዲ ዕቃ ያጥባል። ዓርብ ዓርብ ናውፈል ከመርከብ ሲመለስ የናፍጣ ሽታው ከእሱ ቀድሞ ደረጃውን ይወጣል። ወጅዲ በሕይወቱ እንደዚያ ጊዜ ቀጥ ብሎ የሄደበት ዘመን አልነበረም። በዚያው ሰሞን ማታ ማታ ጀርመንኛ መማር ጀመረ፤ ጀርመኖች ነርስ ይፈልጋሉ ተብሎ ከመሥሪያ ቤቱ ግማሹ ይማር ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በአጎቱ በመንጂ በኩል ነው። መንጂ የመብሩካ ታላቅ ወንድም ነው፤ ስፋቅስ ውስጥ የቀለምና የሚስማር ሱቅ አለው። ልጁን ሩዋይዳን ለወጅዲ ሊድር ካሰበ ቆይቷል። ወጅዲ በአክብሮት «አጎቴ፣ ሩዋይዳ እህቴ ናት፤ የማገባት አይደለችም» ሲለው ሰውዬው ፊቱ ጠቆረ። የሚበልጥ አግኝቶ ነው ብሎ ማጠያየቅ ያዘ። ጠይቆ ጠይቆ የአከራያቸው ሚስት ዘንድ ደረሰ። እሷ ደግሞ ለወሬ አትታማም።

«ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ክፋት አላየሁባቸውም» አለችው። «ግን የአንደኛው ፍራሽ ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተቀደደም። እኔንም ግር ይለኛል።»

መንጂ በማግስቱ መርከብ ተሳፍሮ ለላዝሃር ነገረው። ላዝሃር ሰምቶ ሲያበቃ «እሺ» አለ።

ያን ሰሞን ወጅዲ ለሁለት ቀን ወደ ቤት መጥቶ ነበር። ጠዋት አባትና ልጅ ቅርጫት ሊያነሡ በጀልባ ወጡ። ሁለቱን ቅርጫት አንሥተው ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ላዝሃር መቅዘፊያውን አቆመና ልጁን ሳያይ ጠየቀው።

«አጎትህ የሚለው እውነት ነው?»

ለወጅዲ አጎቱ ምን እንዳለ ማንም አልነገረውም ነበር። ግን ወዲያው ገባው። መካድ ይችል ነበር፤ አባቱ «አይደለም» የሚል መልስ ሊቀበል የተዘጋጀ እንደነበረ ከአጠያየቁ ያስታውቃል። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትፈለገው። ያችን ቃል ሊያወጣ አፉን ከፈተ፤ ምላሱ አልታዘዘውም። ይህ ሰው ቋጠሮውን ሳይፈትሽ የሚያልፍለት ሰው ነው። እሱን በምን አፉ ይዋሸዋል?

«እውነት ነው አባዬ» አለ።

ውኃው ጀልባዋን ጠፍ ጠፍ አደረጋት። ላዝሃር በጣቱ እያመለከተ «ያንን ገመድ ሳበው» አለ። ወጅዲ ሳበው። ቅርጫቱን አነሡ፣ ዓሣውን አራገፉ፣ ወደ ቤት ተመለሱ። ላዝሃር ከዚያ ወዲያ ለሦስት ሳምንት ያህል ስለ ነገሩ ትንፍሽ አላለም። ከእናቱ ግን አልተደበቀም። መብሩካ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ «በምን በደልኩህ?» አለችው፤ ማታውኑ ደግሞ ስፋቅስ ሲገባ ስልክ ደውላ «በልተሃል ወይ?» ብላ ጠየቀችው። ሳልሃ ብቻ «እኔ ዱሮ ነው የማውቀው፤ እናንተ ናችሁ የዘገያችሁ» አለች።

መንጂ ዝምታው ስላላረካው መስከረም ሊገባ ሲል እንደገና መጣ። በዚህኛው ጊዜ ወደ ቤት አልሄደም፤ በቀጥታ ወደብ ወረደ። ጠዋት ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መረብ እየጠገኑ፣ ለተከላው ፈቃድ ወስዶ የመጣው ወጅዲም ከአባቱ አጠገብ ተንበርክኮ ቃጫ እየፈተለ ነበር። ሃያ ሰው ይሆናል እዚያ የነበረው።

«ላዝሃር!» አለ መንጂ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ «እህቴን የሰጠሁህ ሰው ነህ ብዬ ነው። ልጅህን ወይ ዳረው፣ ወይ ከቤት አስወጣው። አለዚያ ዘንድሮ አንድም ሰው ዘንባባ አይሸከምልህም።»

ላዝሃር መርፌውን ከመረቡ ሳይነቅል «መንጂ፣ አንተ እዚህ ባሕር ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ?» አለው።

ሰዎቹ ፈገግ አሉ። መንጂ የደሴት ልጅ ሆኖ ውኃ እንደሚፈራ የማያውቅ የለም።

«ነገር አታዙር! ይሄ ባሕር ለማን ሊሆን ነው? ልጅ ለማይወልድ፣ ዘር ለማይተካ ልታወርሰው ነው?»

«ባሕሩን የተከለ ይወርሰዋል።»

«እኔ ልጅህ ያፍራል ብዬ...»

«ጨረስክ?» ላዝሃር ተነሥቶ ቆመ። ረጅም ሰው ነው፤ ሲቆም ነገር ያበቃል። «ልጄ ወጅዲ ነው። ሁለተኛ ስሙን ስትጠራ የእኔን ስም ጨምረህ ጥራው። ወጅዲ ላዝሃር በል። በል እንግዲህ መርከቡ እንዳያመልጥህ።»

ወጅዲ ቃጫው በእጁ እንዳለ ቀረ። ዓይኑ ቢሞላም አላፈሰሰውም፤ አባቱ ቆሞ እሱ ሊያለቅስ አልወደደም።

መንጂ ግን ዛቻው ባዶ አልነበረም። በዚያ መንደር አጥር የሚተከለው በወንፈል ነው፤ ዛሬ ለእኔ ነገ ለአንተ ተባብሎ ነው የሚሠራው። የላዝሃር ቀን ሲደርስ በየዓመቱ አሥራ ሁለት ሰው ይመጣ ነበር። ያን ጠዋት አንድም አልመጣም። ዘንባባው ዳር ላይ ተከምሯል። ከቡና ቤቱ በረንዳ ወንዶቹ ተቀምጠው ያያሉ።

ላዝሃር ባዶውን ዳር ቃኝቶ ሱሪውን ጠቀለለ። «እንጀምር» አለ።

አባትና ልጅ ገቡ። ሁለት ሰው ለዚያ ሥራ አይበቃም፤ አንዱ ዝንጣፊውን በአሸዋው ውስጥ ሲሰካ፣ ሌላው ሲይዝ፣ ሌላው ሲያስር፣ ሌላው ሲያቀብል ነው መስመሩ የሚቆመው። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሠሩ ከኋላቸው የውኃ ድምፅ ሰሙ። መብሩካ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጥራ፣ ዘንባባ ተሸክማ እየመጣች ነው። ከኋላዋ ሳልሃ።

«ሴት አጥር ተክላ አታውቅም» አላት ላዝሃር።

«ዘንድሮ ታውቃለች» አለች መብሩካ። «ያዝልኝ፣ ከበደኝ።»

ሁለት ቀን እንዲህ ሠሩ። ሥራው ዕድገቱ የቀንድ አውጣ ነው። ከበረንዳው አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ላለማየት ጀርባውን አዙሯል። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ዓይን ፊት ወደ ውኃው ገባ። ወጅዲ ማንነቱን ከአረማመዱ አወቀ። ናውፈል ነው። ወጅዲ ና ብሎት አይደለም፤ ሳልሃ ናት በስልክ የነገረችው።

ናውፈል ቀጥታ ወደ ላዝሃር ሄዶ ፊት ለፊቱ ቆመ።

«ማን ነህ?» አለ ላዝሃር።

«ናውፈል እባላለሁ። ከመርከቡ ነኝ።»

ላዝሃር ከእግር እስከ ራሱ አየው። ናውፈል ወዴትም አልሸሸም፣ ዓይኑንም አልሰበረም። ላዝሃር የእጁን ጠባሳ አየ፣ የትከሻውን ስፋት አየ።

«ማሰር ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ያዝ።»

ያዘ። አምስት ቀን ሙሉ ያዘ። ፀሐይ አንገቱን ላጠችው፣ ዛጎሉ እግሩን ቆራረጠው፤ ወጅዲ ማታ ማታ እግሩን እያጠበ ይጠቀልልለት ነበር፤ እናቱ እያየች። መብሩካ መጀመሪያ ቀን ሳህኑን ከሩቅ ነበር ያስቀመጠችለት። በሁለተኛው ቀን «ይሄ ልጅ በመርከብ ምንም አያበሉትም እንዴ?» አለች። በሦስተኛው ቀን የዓሣውን ራስ፣ ያንን ለክቡር እንግዳ የሚሰጠውን፣ እፊቱ አስቀመጠችለት።

ሥራው በተጀመረ በአምስተኛው ቀን ጎረቤታቸው ሽማግሌው ሽዴሊ አንድ እስር ዘንባባ ተሸክመው መጡ።

«አትሳሳቱ፣ ለእናንተ ብዬ አይደለም» አሉ እያለከለኩ። «የእኔ አጥር በእናንተ ላይ ነው የተደገፈ። የእናንተ ካልቆመ የእኔም ይወድቃል።» ከሰዓት በኋላ ሌሎች ሁለት መጡ፤ እነሱ ሰበብ እንኳ አልፈለጉም። የቀሩት አልመጡም። አጥሩ ግን በሰባተኛው ቀን አለቀ። ላዝሃር እንደ ልማዱ እየነቀነቀ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ተመልሶ «ዓሣ ይይዛል» አለ።

ይዟልም። ያ ዓመት ጥሩ ነበር።

ወደ ስፋቅስ ሲመለሱ ግን ቤቱ ቤት አልሆነም። የሳልሃ ባል ዘመድ የሆነ አንድ ፖሊስ «መንጂ ጣቢያ መጥቶ ስማቸውን ጽፎ ሄዷል፤ እኔ ወረቀቱን ከሥር ነው ያደረግኩት፣ ግን ሁልጊዜ ከሥር አይቀመጥም» ብሎ ላከ። ክፍሉን በሁለት ቀን ውስጥ ለቀቁ። ናውፈል መርከቡ ላይ ማደር ጀመረ፤ ወጅዲ ከአንድ የሥራ ጓደኛው ቤት ገባ። በዚያው ወር የጀርመንኛ ፈተናውን አለፈ። ከጀርመኗ ካሰል ከተማ ከአንድ ሆስፒታል የሥራ ውል መጣለት።

«አብረን እንሂድ። ሞተር ሠራተኛ እዚያም ይፈለጋል» አለው ለናውፈል።

ናውፈል ግን እንዲህ ሲል መለሰለት። «ወጅዲ፣ እናቴ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ሌላውም እየሄደ ነው። ከእኔ በቀር ሰው የላትም። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፤ ያችን ሞተር ትቼ የትም አልሆንም። አንተ ሂድ። እዚህ ቀርተህ አንድ ቀን ቢይዙህ እኔ ራሴን ይቅር አልልም።»

ተጣሉ፣ ታረቁ፣ እንደገና ተጣሉ። በመጨረሻ ወጅዲ ሄደ። የሚሄደው ሸሽቶ እንዳይመስልበት በእኩለ ቀን፣ ወደቡ በሰው በተሞላበት ሰዓት፣ አዲስ ኮት ለብሶ ነው የወጣው። ላዝሃር ሻንጣውን ራሱ ተሸከመለት። መርከቡ መሳፈሪያ ላይ ደርሰው አስቀመጠና ከዚያ የጀልባ ጠዋት ወዲህ ስለ ነገሩ ለልጁ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ተናገረ።

«እዚያ አገር አንገትህን እንዳትደፋ። እኔ እዚህ አልደፋሁም።»

ካሰል ባሕር የሌለበት ከተማ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር። ምስክር ወረቀቱ እስኪጸድቅ ድረስ በረዳትነት ነው የሠራው፤ ስፋቅስ ውስጥ ብቻውን ፅኑ ሕሙማን ክፍል የያዘ ሰው እዚህ አልጋ ሲያነጥፍ ዋለ። ቃሉ ሲጠፋበት በሽተኞቹ ይስቁበታል። እሱም ሳቀ፤ እየሳቀ ተማረ። ከሌሎች ሦስት ቱኒዚያውያን ነርሶች ጋር አንድ ቤት ይኖር ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ ባዲስ የሚባለው ስለ አንድ የሥራ ባልደረባቸው ጀርመናዊ እያወራ «ያ እንደዚያ የሆነው፣ ሰዶሙ» ብሎ ተፋ።

ወጅዲ ማንኪያውን አስቀመጠ። የአባቱ ቃል ትዝ አለው።

«ባዲስ፣ እኔም እንደዚያው ነኝ።»

«እየቀለድክ ነው?» አለ ባዲስ።

«ስቀልድ ትስቃለህ፤ ቀልድ እችልበታለሁ። አሁን ግን እየነገርኩህ ነው። ከእኔ ጋር መኖር የሚከብደው ካለ ቅር አልሰኝም፤ በሩ ያውና። እኔ ግን ኪራዬን ከፍዬ የምኖርበት ቤት ስለሆነ አልወጣም።»

ባዲስ በሳምንቱ ወጣ። ሁለቱ ቀሩ። አንደኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታው ቀዘቀዘ፤ ሌላኛው ግን ወር ሳይሞላ መጥቶ «እኔን አንድ ነገር አስጨንቆኛል፣ ላንተ ብነግርህስ?» ብሎ የራሱን ምስጢር፣ ሌላ ዓይነት ምስጢር፣ አወራው። ወጅዲ ለሰው ጆሮ የሚሆነው መጀመሪያ ለራሱ አፍ የሆነ ሰው እንደሆነ ያን ጊዜ ተረዳ።

ናውፈልና እሱ ለሁለት ዓመት ያህል በስልክ ዘለቁ። ናውፈል በዚያ ሁሉ ጊዜ በየመስከረሙ ለላዝሃር ይሠራ ነበር፤ ማሰሩንም ተማረ። በሦስተኛው ዓመት አንድ እሑድ ደወለና «ወጅዲ፣ አንተ እዚያ ሰው ሆነሃል፤ እኔም እዚህ ሰው ነኝ። ገመዱን እንፍታው፤ ከሚበጠስ ይሻላል» አለው። ወጅዲ አለቀሰ። ግን ቅር አላለውም። ዛሬም ድረስ በዓል ሲሆን ይደዋወላሉ፤ ናውፈል «ግማሽ ሐኪም» እያለ ይጠራዋል።

ያዚድን ያገኘው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያዚድ የአልጄሪያ ሰው ነው፣ ከቢጃያ፤ በካሰል የከተማ ባቡር ይነዳል። ወጅዲ ከሥራ ወጥቶ ፌርማታ ላይ እየሮጠ ሲደርስ በሩ ተዘግቶበት ነበር። ሹፌሩ መስተዋት ውስጥ አይቶት በሩን ከፈተና በዐረብኛ «ግባ እንጂ የሀገሬ ልጅ፣ ቀስ ብለህ ብትሮጥም እጠብቅህ ነበር» አለው። «ቱኒዚያዊ ነኝ» አለ ወጅዲ እያለከለከ። «ለዚህ ነዋ የዘገየኸው» አለ ያዚድ። እንዲህ በመሰዳደብ የተጀመረ ነገር አንድ ቤት አስገባቸው።

በስድስተኛው ዓመት መብሩካ ልትጠይቃቸው መጣች። ላዝሃር «ባሕር በሌለበት ምን አደርጋለሁ?» ብሎ ቀረ፤ በእሷ እጅ ግን የደረቀ ኦክቶፐስ ሙሉ ቦርሳ ላከ። ወጅዲ በስልክ ሁሉንም ነግሯታል፤ እሷም «እሺ እሺ፣ አይቼው እፈርዳለሁ» ብላለች። ያዚድ ከጠዋት ጀምሮ ሲያበስል ቆይቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ በአገሩ ወግ በነጭ መረቅ የተሠራ ኩስኩስ በዶሮ አቀረበ። መብሩካ ሳህኑን አየችው።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የገረጣው? ታሞ ነው?»

«ኩስኩስ ነው እማማ» አለ ያዚድ።

«ኩስኩስ መሆኑን እሱ ራሱ ያውቃል? ቀይ የሃሪሳ ድልህ የለበት፣ ዓሣ የለበት!»

«በእኛ አገር እማማ፣ ቀይ የምናደርገው ምግቡ ሲበላሽ ሽታውን ለመሸፈን ነው።»

መብሩካ ሰውዬውን ትኩር ብላ አየችው፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አፍ አለው! ያንተ አባት እንደዚህ ቢመልስልኝ ኖሮ ሠላሳ ዓመት ብቻዬን ባላወራሁ!» አለችው ለልጇ። ሁለት ሳህን በላች። በማግስቱ ግን ወጥ ቤቱን እሷ ያዘችው።

በሦስተኛው ቀን ልጇ ሆስፒታሉን ላሳይሽ ብሎ ወሰዳት። ያን ጊዜ ወጅዲ የፈረቃው ኃላፊ ሆኗል። ኮሪደሩ ላይ እንደደረሱ አንዲት ጠጉሯ የሸበተ ዶክተር ወረቀት ይዛ ወደ እሱ መጣችና ጠየቀችው፤ እሱም አሰብ አድርጎ መለሰላት፤ እሷ ራሷን ነቅንቃ ጻፈች። መብሩካ ቋንቋውን አልሰማችም። ማን ማንን እንደጠየቀ ግን በደንብ አይታለች። ሻርፗን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን በክንዷ አድርጋ፣ እንደ ቤቷ ግቢ ኮሪደሩን ቀጥ ብላ ሄደችበት።

ባሕሩን ሳልሃ ያዘችው። ላዝሃር ወረቀቱን በሁለቱም ልጆቹ ስም አስጽፏል፤ ወጅዲ በየመስከረሙ ፈቃድ እየወሰደ ለመትከል ይመጣል፤ የቀረውን ዓመት ግን አዛዧ እሷ ናት። የመንደሩ ወንዶች መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ አሁን ንፋሱ ወዴት እንደሚዞር የሚጠይቁት እሷን ነው።

መብሩካ ከካሰል የተመለሰች ዕለት ሳልሃ እስከ ስፋቅስ ድረስ ሄዳ ተቀበለቻት። መርከቡ ላይ የመንጂ ሚስት ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጣ አገኟት። ሴትዮዋ ሰላምታውን አሳጥራ ድምፅዋን ግን አስረዘመችው፤ ሁሉም እንዲሰማ።

«እህስ መብሩካ፣ ወጅዲ እስካሁን አላገባም?»

መብሩካ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ቤት አለው። ሰፊ ቤት፣ በረንዳ ያለው።»

«ብቻውን ነው?»

«ለምን ብቻውን ይሆናል? ሁለት ናቸው። ያዚድ ይባላል፤ አልጄሪያዊ ነው፣ ባቡር ነጂ። ያን ሁሉ የጀርመን ሕዝብ ጠዋት ወደ ሥራ የሚወስድ እሱ ነው። ኩስኩስ አይችልም፤ እሱን አልደብቅሽም። በተረፈ ግን ልጄን የሚያከብር ሰው ነው። የእኔን ልጅ ደግሞ እዚያ ሐኪሞቹ ቆመው ነው የሚጠይቁት።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ወደ ባሕሩ ዞረች። መብሩካ ቦርሳዋን ከፍታ የጀርመን ቸኮሌት አወጣችና ከመንጂ ሚስት ጀምራ ለሁሉም አደለች። እምቢ ያለ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ሳልሃ ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ደውላ ለወጅዲ ስትነግረው በሳቅ ብዛት ቃሏ ይቆራረጥ ነበር። እሱ የሆስፒታሉ መስኮት አጠገብ ቆሞ ሰማት።

«ድገሚልኝ» አላት።

«የቱን?»

«ሁሉንም። ከ‹ቤት አለው› ጀምሪ።»

ከመጀመሪያው ደገመችለት። ስታበቃ ከአሥራ አንድ ቁጥር ክፍል ደወል ተሰማ። ወጅዲ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ በኮሪደሩ መሃል ደረቱን ነፍቶ ሄደ።